አንድ መግቢያ ለአሥራ አንድ ሰው

ተማሪዎቿ ከጀርባዋ «ሠላሳ ደቂቃ» ይሏት ነበር። በሁለተኛ ዲግሪ መግቢያ ፈተና ላይ ድርሰት የሚጻፈው በሠላሳ ደቂቃ ነው፤ እሷም አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ያስተማረችው ይህንኑ ነው። አምስት ደቂቃ ለማሰብ፣ ሃያ ለመጻፍ፣ አምስት ለማረም። ክፍሉ ከጫማ መሸጫ በላይ ነበር። ሰዓቱ ሲያልቅ ጠረጴዛውን በእስክሪብቶ ትመታለች፤ ከዚያ በኋላ አንዲት ቃል የጨመረ ወረቀቱ ይቀደድበታል።

ድሮ እንዲህ አልነበረችም። «አንተ ራስህ ምን ታስባለህ?» ብላ ጠይቃ መልስ የምትጠብቅ መምህር ነበረች። ይህን ያስተዋት የማሠልጠኛው ሥራ አስኪያጅ ነው።

«እህቴ፣ እነዚህ ሰዎች የመጡት ለማለፍ ነው። ማሰቡን ካለፉ በኋላ ይደርሱበታል» አላት።

ከዚያ ሦስት ቅዳሜ ተቀምጣ ለየትኛውም ጥያቄ የሚሆን መግቢያ ጻፈች። «አስተያየቴን ከመስጠቴ በፊት፣ ጥያቄው ራሱ ያልጠየቀውን ልጠይቅ» ብሎ ይጀምራል። አምሮላት ነበር፤ ኮርታበታለች። ተማሪዎቿም እንደ ስማቸው ሸመደዱት።

በዚያ ዓመት ከሚፈተኑት አንዷ የእህቷ ልጅ ነበረች። እናቷ ስትሞት ገና የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች፤ ከዚያ ወዲህ ያሳደገቻት እሷ ናት። ልጅቷ መድኃኒት ቤት ትሠራለች። በልምምዱ ቀን ስለ አንድ ሽማግሌ ጻፈች፤ መድኃኒቱ ቶሎ እንዳያልቅበት እያንዳንዷን ክኒን ለሁለት እየሰበረ ስለሚውጥ ደንበኛዋ።

«ጥሩ ነው፤ ግን መግቢያው ብቻ አሥራ ሁለት ደቂቃ ፈጀብሽ። በእኔው ጀምሪ» አለች አክስትየው።

«እሱኮ ያንቺ ነው፣ አክስቴ። እኔ እንደዚያ አላወራም።»

«አራሚው አያውቅሽም። እንዴት እንደምታወሪ በምን ያውቃል?»

«እኔ አውቃለሁ።»

አክስትየው ደም ፍላቷ መጣ። «ይህን ሁሉ ዓመት አሳድጌሽ፣ አንድ ነገር ብለምንሽ እንቢ ትያለሽ?»

ልጅቷም ፈተናው ላይ በአክስቷ መግቢያ ጀመረች።

ከሁለት ወር በኋላ ለማሠልጠኛው ደብዳቤ መጣ። አሥራ አንድ ተፈታኞች አንድ ዓይነት መግቢያ በመጻፋቸው ውጤታቸው ተሰርዟል፤ ሦስት ዓመትም አይፈተኑም። ከልጅቷ ሌላ ያሉት አሥሩ ከነቤተሰባቸው የማሠልጠኛውን ደረጃ ሞሉት። ሥራ አስኪያጁ ወጣና «መምህርቷ በራሷ ያደረገችው ነው፤ እኛ የምናውቀው ነገር የለም» አላቸው። በዚያው ቀን ከሥራ አሰናበታት።

አክስትየው ማመልከቻ ጽፋ የፈተና ድርጅቱ ቢሮ ሄደች። በመስኮቱ የተቀመጠችው ጸሐፊ አነበበችው።

«መግቢያውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ልጅቷ ጥፋት የለባትም» አለቻት።

«ገባኝ፣ እናቴ» አለች ጸሐፊዋ ወረቀቱን እየመለሰች። «የተቀጡትም እኮ እርስዎ ስለጻፉት ነው።»

ቤት ገብታ የሆነውን ለልጅቷ ነገረቻት። ልጅቷ አልጮኸችም፣ አልወቀሰችም። በሳምንቱ መድኃኒት ቤቱ አጠገብ አንድ ክፍል ተከራይታ ወጣች። አክስቷ ስትታመም ትመጣለች፤ መድኃኒት ታመጣለች፣ አወሳሰዱንም ታስረዳለች። ግን «አንቺ» ማለት ተወች። መጀመሪያ ቀን «ከምግብ በኋላ ይውሰዱት» ስትላት፣ አክስትየው ሌላ ሰው የገባ መስሏት ወደ በሩ ዞራ አየች።

ሦስቱ ዓመት እንዳለቀ አክስትየው የመመዝገቢያ ቅጹን ይዛ መድኃኒት ቤቱ ድረስ ሄደች። ወረፋ ነበር፤ ተሰለፈች። ተራዋ ሲደርስ ቅጹን ባንኮኒው ላይ አኖረችው።

«በፈለግሽው ጀምሪ። እኔ አላየውም» አለቻት።

ልጅቷ ቅጹን አይታ ለሁለት አጠፈችና መለሰችላት።

«ይተዉት» አለች፤ ከኋላ የቆሙትን ሰው ማዘዣ ለመቀበልም እጇን ዘረጋች።