ቀንዱ ሥር ያለው ቀዳዳ

በገበያው ጫፍ፣ በልብስ ሰፊዋና በቁልፍ ቀራጩ መካከል፣ ቢላ የሚስል ሰው አለ። ሞረድ ይሉታል። እናቱ ያወጣችለትን ስም ቢጠሩት ዞር ብሎ ለማየት ይዘገያል፤ ሞረድ ሲሉት ግን ወዲያው ነው። የፀጉር አስተካካዩ ምላጭ፣ የልብስ ሰፊዋ መቀስ፣ የሥጋ ቤቶቹ ቢላ ሁሉ በእጁ ያልፋል። የብስክሌት ፔዳል የገጠመለትን ድንጋይ እየረገጠ ሲያሽከረክረው ጥርስ የሚያንቀጫቅጭ ድምፅ ያወጣል። ጎረቤቶቹ ለምደነዋል ይላሉ፤ ይዋሻሉ።

አንድ የማይለቀው አመል አለው፤ የሰው ቢላ አያሳድርም። "ትቼልህ ልሂድና ነገ ልውሰደው" ያለ ደንበኛ ፊቱ ሲጠቁር ያያል። "ወይ ቁጭ ብለው ይጠብቁ፣ ወይ ይዘውት ይሂዱ" ነው መልሱ። ጥጋብ የሚመስላቸው አሉ። ጥጋብ አይደለም፣ ፍርሃት ነው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ሌባ የተባለ ሰው የሌላ ሰው ዕቃ ቤቱ ባያድር ይመርጣል።

አንድ ከሰዓት በኋላ ጥቁር የለበሱ ወይዘሮ መጡ። በፎጣ የተጠቀለለ ነገር ከቦርሳቸው አውጥተው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ።

"የሚሳል አይደለም" አሉ። "ምን ዓይነት ቢላ እንደሆነ፣ ማን እንደሠራው እንዲነግሩኝ ነው። ሦስት ሰው ጠይቄ ሦስቱም የተለያየ ነገር ነገሩኝ።"

ባለቤታቸው ከሞቱ ስድስት ወር ሆኗቸዋል። ሰውየው ዕድሜ ልካቸውን ለየት ያለ ቢላ ሲሰበስቡ ኖረው ሠላሳ ሁለቱን ትተው አልፈዋል። ለእያንዳንዱ የሠሪው ማንነት፣ ዘመኑና የተገኘበት መንገድ በደንብ የተጻፈበት ወረቀት አለ። አንድ ሙዚየም ስብስቡን እንዳለ ሊረከባቸው ተስማምቷል፤ ግን ታሪኩ ያልታወቀ ዕቃ አልቀበልም ብሏል። ወረቀት የሌለው ይኸው አንዱ ብቻ ነው።

"ሠላሳ አንዱን ጽፎ ይሄን ምን ነክቶት ዘለለው?" አሉ ወይዘሮዋ፣ ባላቸው አጠገባቸው የተቀመጠ ይመስል በቁጣ።

ሞረድ ፎጣውን ገለጠ። የማይታጠፍ፣ ከስንዝር ትንሽ የሚበልጥ ቢላ ነው። ጀርባው ወፍራም፣ ሆዱ ዘርጠጥ ያለ፣ ጫፉ ወደ ላይ ቀና ያለ። እጀታው የበሬ ቀንድ ሲሆን በሁለት የነሐስ ምስማር ተያይዟል። የሠሪ ምልክት የለበትም። ስለቱን በአውራ ጣቱ ቀስ ብሎ ዳሰሰው። የተሳለው አንድ ጎኑ ብቻ ነው፤ ያውም የግራው። ቀኝ እጅ የሚቀናው ሰው ሥጋ ልቁረጥበት ቢል እየሸሸ ያስቸግረዋል።

ሞረድ ቢላውን ገልብጦ ደግሞ አየው። ለግራ እጅ የተሠራ እንዲህ ያለ ቢላ በዕድሜው አንድ ብቻ ያውቃል።

በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ የታወቀ ቢላ ሠሪ ቤት ሥራ ይማር ነበር። ጌታውን የሚስታቸው ወንድም፣ ግራኝ የሆነ ሥጋ ሻጭ፣ ቢላ አዘዛቸው። ጌታው አንድ ወር ሙሉ ለፉበት። ሞረድ የተሰጠው ሥራ ቀላሉ ነበር፤ እጀታ ውስጥ የሚገባውን የብረቱን ጭራ ለምስማር መብሳት። በሳው፤ ግን ቀዳዳው ሸሽቶበት የብረቱ ጠርዝ ላይ ወጣ። ጌታው አንድ ኩርኩም አቀመሱትና ራሳቸው አጠገቡ ሌላ በስተው በቀንዱ ሸፈኑት። "አይዞህ" አሉት፣ "ከቀንዱ ሥር ያለውን የሚያየው እግዜር ብቻ ነው።"

ቢላው ባለቀ በሦስተኛው ቀን ከተቆለፈ መሳቢያ ጠፋ። ቁልፉ ያለው ጌታውና ሞረድ ዘንድ ብቻ ነበር። ጌታው "ጠፋ" አሉ፤ ከዚያ ሌላ ቃል አልወጣቸውም። የቀረውን ሰዉ ሞላላቸው። ሳምንት ሳይሞላ ሞረድ ተባረረ፣ የሚቀጥረው ብረት ሠሪም አጣ። ግንበኛ አባቱ፣ ለሰው አንገቱን ደፍቶ የማያውቅ ሰው፣ ሄዶ ጌታው እግር ላይ ወደቀ። "ልጄን ይማሩልኝ" ብሎ ነው የወደቀው። ይማሩልኝ! ሞረድን እስከ ዛሬ የሚያንገበግበው ይህ ቃል ነው። ያልሠራ ሰው ምን ተብሎ ይማራል? አባቱ በዓመቱ ሞተ። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ አባቱ ግን የልጁን የከፋ ስም ይዞ ነው መቃብር የገባው።

የተረፈችው ሚስቱ ናት። ይህን ሁሉ ከሰው ሰምታ አገባችው። አንድም ቀን "እውነት ነው ወይ?" ብላ አልጠየቀችውም። እሱም አለመጠየቋን ማመን ነው ብሎ፣ በዚያ ላይ ተደላድሎ ልጅ አሳደገ፣ ትዳር አቆመ።

"እትዬ፣ እጀታውን ልፍታው?" አለ።

"አይበላሽም?"

"እዚሁ ፊትዎ መልሼ እገጥመዋለሁ።"

ምስማሮቹን በቀጭን ብረት እየመታ አወጣቸው። ቀንዱ ለሁለት ተከፈለ። ጭራው ላይ ሁለት ቀዳዳ ጎን ለጎን ተቀምጧል፤ አንዱ ምስማር የያዘ፣ ሌላው ሥራ ፈት፣ ጠርዝ ላይ የተንጠለጠለ። እጁ የሠራው ጥፋት ነው። በደንብ የሚያውቀው ሰው አጠገቡ አልነበረም እንጂ ቢኖር ኖሮ፣ ሞረድ በሥራው ስህተት እንዲህ ሲደሰት አይቶ በሳቀ ነበር።

የሚያውቀውን ሁሉ ነገራቸው። ወይዘሮዋ እስኪጨርስ ጠበቁትና ተነሡ።

"ባለቤቴ ሌባ ነበር ነው የምትለኝ?" አሉ። እርስዎ ማለቱ ቀረ።

"ከሌባ ገዝተው ይሆናላ! ለዚህ ይሆናል ያልጻፉት። ሠሪው አሉ፤ ሽማግሌ ሆነዋል እንጂ በሕይወት አሉ። አብረን እንሂድ። ቢላውን ከነተፈታው እጀታው እርስዎ ይያዙት።"

አብረው ሄዱ። እሳቸው የባላቸውን ስም ነው የያዙት፣ እሱ የራሱን። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የሱ ንጋት ሠላሳ አንድ ዓመት ፈጅቷል፣ ቢሆንም ዛሬ ሊነጋ ነው ብሎ እርምጃው ፈጠነ። ጌታው ቢላውን ሲያዩ ምን እንደሚሉት እያሰበ ነበር። ይቅርታ ይሉት ይሆናል። እሱም ቶሎ ይቅር አይላቸውም፤ ትንሽ ያስለምናቸዋል።

ሽማግሌው ልጃቸው ቤት መስኮት ሥር ተቀምጠው ነበር። ዓይናቸው ከደከመ ቆይቷል። ሞረድ ማንነቱን ተናግሮ ቢላውን ከወይዘሮዋ ተቀበለና በእጃቸው አስያዛቸው። በመዳፋቸው መዘኑት፣ ጀርባውን በጣታቸው ተከተሉት፣ ከዚያ ወደ ግራ እጃቸው አዞሩት።

"ከየት አመጣኸው?"

"ባለቤቴ ዘንድ ነበር" አሉ ወይዘሮዋ። "አሁን በሕይወት የለም።"

"ባለ መድኃኒት ቤቱ?" አሉ ሽማግሌው። "ሞተ እንዴ? ነፍስ ይማር።"

ሞረድ ቀና ብሎ ወይዘሮዋን አያቸው። ወይዘሮዋ የባላቸውን ሥራ ለማንም አልተናገሩም፤ እሱም አላወቀም ነበር።

"ያውቋቸዋል?" አለ።

ሽማግሌው ቢላውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙት። መጀመሪያ ሳሉ፣ ከዚያ ውኃ ለመኑ፣ ውኃውን ሳይጠጡ ያዙት።

"እኔ ነኝ የሰጠሁት" አሉ በመጨረሻ። "ሱቄ መጥቶ አየው። እንዲህ ያለ ቢላ አይቼ አላውቅም፣ በመስታወት ውስጥ አኖረዋለሁ አለኝ። የሚስቴ ወንድም እኮ አጥንት ሊሰብርበት ነበር! አንድ ወር የለፋሁበትን! ሰው አሞገሰኝና አሳሳተኝ። ለሚስቴ ቃሌን በላሁ ማለት ግን አፈርኩ፤ ጠፋ አልኩ። ለሰውዬውም እባክህ የትም እንዳትጽፈው ብዬ አስማልኩት።"

ወይዘሮዋ ተነፈሱ፤ ባላቸው ሌባ አልነበሩም። ወዲያው ግን ሞረድን አዩትና አንገታቸውን ደፉ።

"እኔንስ?" አለ ሞረድ።

"ልጄ፣ አንድ ቀን እንኳ ስምህን አልጠራሁም።"

"ቁልፉ ያለው ሁለታችን ጋ ነበር! እርስዎ ዝም ሲሉ ማን ቀረ? አባቴ እግርዎ ላይ ሲወድቅስ?"

"አፌ ላይ ደርሶ ነበር።"

"አፍዎ ላይ ደርሶ!" ሞረድ ሊመታቸው ይሁን ሊያለቅስ አላወቀም፤ ሁለቱንም ፈልጎ ነበር። "ይናገሩልኝ። ለሰው ሁሉ ይናገሩልኝ።"

"ለማን ልናገርልህ?" አሉ ሽማግሌው፤ ዓይናቸው እንባ ሞላ። "ሚስቴ አለፈች። ወንድሟ አለፈ። አባትህ አለፈ። ማን ቀረ?"

ሞረድ ነፍስ ይማርም ይቅር ይበልዎም ሳይል ወጣ። እጀታውን መልሶ ይገጥም ዘንድ የገባውን ቃል ያስታወሰው መንገድ ላይ ነው፤ ነገ ብሎ ተወው። "ማን ቀረ" የሚለው ጥያቄ እየተከተለው ግማሽ መንገድ ሄደ። ከዚያ ልቡ ሞቅ አለ። ሚስቱ አለች እንጂ! ሳትጠይቀው ያመነችው ሚስቱ። ለሷ ደርሶ "ይኸው፣ አልተሳሳትሽም" ቢላት ይበቃዋል። ሊሮጥ ምንም አልቀረው።

ልብስ ስትተኩስ ደረሰ። በር ላይ ቆሞ ሁሉንም ነገራት፤ ቀዳዳውን፣ ሽማግሌውን፣ ባለ መድኃኒት ቤቱን። እየሰማች ካውያውን ቀስ ብላ አቆመችው። የሸሚዙን እጅጌ በእጇ ያዘች።

"ታዲያ" አለች፣ "አልወሰድከውም ነበር እንዴ?"

ሞረድ የሰማውን ማመን አቃተው። "ወስዶታል ብለሽ ነበር?"

"እንደዚያ ነበር የመሰለኝ። ልጅ ነበርክ፣ ድሃ ነበርክ። ወስዶም ቢሆን እኔ እወደዋለሁ ብዬ ነው ያገባሁህ።"

አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። እንዲህ መወደዱ ይበልጣል ወይስ እንዲህ አለመታመኑ፣ ሊመዝነው አልቻለም፤ ሁለቱም ደረቱን ተጫኑት።

"ምነው ጠይቀሽኝ ቢሆን!"

"ጠይቄህ ብትዋሸኝስ?" አለች፤ እሷም ማልቀስ ጀመረች። "ከሌባ ጋር መኖር እችል ነበር። ከውሸታም ጋር አልችልም ነበር። ፈራሁ።"

"አሁን ጠይቂኝ" አለ።

"ምኑን?"

"ጠይቂኝ አልኩሽ።"

እንባዋን በሸሚዙ እጅጌ ጠረገች። "ቢላውን ወስደሃል?" አለችው።

"አልወሰድኩም" አላት።