የማይዋጋው ሙሽራ

ቡሬ ላይ ድረ ገጽ እየሠራሁ ነው የምተዳደረው። ጓደኛዬ ይበልጣል የሠርጌን መጥሪያ በድረ ገጽ ካልሠራህልኝ ብሎ ወጥሮ ያዘኝ። ለአንድ የበሬ ነጋዴ የሠራሁት ቴምፕሌት ነበረኝና ፎቶውንና ጽሑፉን ቀይሬ ሰጠሁት።

ሜታ ታጉን፣ ማለትም የገጹን ድብቅ መግለጫ ጽሑፍ፣ ግን ረሳሁት። ይህ ጉደኛ ገጹ ላይ አይታይም፤ ሊንኩ ለሰው ሲላክ ነው ከፎቶው ሥር ብቅ የሚለው። እኔ ካልሞላሁት ደግሞ ቴምፕሌቱ የድሮውን ራሱ ይሞላዋል።

ይበልጣል ሊንኩን ለዘመድ አዝማድ በተነው። ሱፍ ለብሶ ከተነሣው ፎቶ ሥር ምን ይላል? "ጥርሱ የታየ፤ አይዋጋም፣ አይራገጥም!"

ወዲያው የሙሽራዋ አባት አያ ታረቀኝ አስጠሩኝ። ሠርጉን አፈረስኩት ብዬ እየሮጥኩ ደረስኩ። ሽማግሌዎቹ ተሰብስበዋል።

"አይዋጋም ብለህ የጻፍከው አንተ ነህ?"

"እኔ ነኝ አያ፤ ይቅር ይበሉኝ፣ አሁኑኑ አጠፋዋለሁ።"

"እንዳትነካው!" አሉና ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ። "ልጄን እንዳይመታ ዋስ ጥራ ብንለው ጓደኛው ሁሉ ሸሽቶት አልነበር? ይኸው፣ ዋሱ በእግሩ መጣ።"