ቀና ብሎ የማየት ነጥብ

ታላቅ እህቴ ሐኪሞችን የምታስተምር ሐኪም ናት። የምታስተምርበት ግቢ ውስጥ ግን በማዕረጓ የሚጠራት የለም፤ «ወይዘሮ ተቃውሞ» ነው የሚሏት። ስብሰባ ገና ሳይጀመር እጇ ተነስቶ ይጠብቃል። እኔ እትዬ እላታለሁ፤ እዚህም ያው እትዬ ናት።

እትዬን ዕድሜ ልኳን ያንገበገበቻት አንዲት ነጥብ ናት። የሕክምና ትምህርት ቤቱን የጽሑፍ ፈተና ያለፈ ልጅ ሁሉ ለቃለ መጠይቅ ይቀርባል። ጠያቂዎቹ ከሚሰጧቸው ነጥቦች አንዷ «በራስ መተማመን» ትባላለች። ዓይን ዓይናቸውን ያየ ሙሉ ያገኛል፤ መሬት መሬት ያየ ባዶ። ከዳር አገር የሚመጡት ልጆች ደግሞ ታላቅ ሰው ላይ ማፍጠጥ ነውር ነው ተብለው ያደጉ ናቸው። እውቀት ሳያንሳቸው በአንገታቸው ይወድቃሉ።

እኛም እንደዚያው ነው ያደግነው። እናታችን ሆዷን ሲቆርጣት ከርሞ ሐኪም ፊት ስትቀርብ፣ ወለሉን እያየች «ደህና ነኝ» አለች። ሐኪሙ የከተማ ልጅ ነው፤ አመናት። እንደኛ ዓይነት ቤት ያደገ ቢሆን ኖሮ ያ «ደህና ነኝ» ምን ማለት እንደሆነ አያጣውም ነበር። ወር ሳይሞላት ቀበርናት።

እናም እትዬ ያቺን ነጥብ ለማስነሳት ስትሟገት ፀጉሯ ነጣ። ጥናት ሠርታ አቀረበች። አጨበጨቡላት፣ ሻይ ጠጡ፣ ነጥቧም እዚያው ቀረች።

አምና አንዲት የግንበኛ ልጅ መጣች። ሁለት ጊዜ በዚያችው ነጥብ ወድቃለች፤ ሦስተኛው የመጨረሻዋ ነው፣ ደንቡ ከዚያ በላይ አይፈቅድም። እትዬ ከጠያቂነት ራሷን አግልላ ቤቷ ታለማምዳት ጀመር። እኔን ጠያቂ ነህ ብላ ሶፋው ላይ ጎለተችኝ።

«ቀና በይ፣ ልጄ።»

«እሺ፣ ዶክተር» አለች ልጅቷ፣ ጫማዬን እያየች።

«የሚፈትንሽ ጫማው አይደለም!»

«ተይው ጫማዬ ይፈትናት፤ ከእኔ የበለጠ አገር ያየ እሱ ነው» አልኩ።

ልጅቷ ሳቋ አመለጣትና ቀና አለች። እትዬ «ይኸው! እንደሱ!» ብላ እንደ ሕፃን ዘለለች።

እንዲህ እያልን ዓይኗን ሳትሰብር መመለስ ለመደች። ሳትሰብር ስላችሁ ደግሞ የምሬን ነው፤ አንድ ቀን እኔው ራሴ ፊቴን አዞርኩ።

ከቃለ መጠይቁ ስትወጣ ኮሪደሩ ላይ ጠበቅናት። ፊቷ በርቷል። «አንዴም አላጎነበስኩም!» አለች።

ውጤት ሲለጠፍ ስሟ የለም። እትዬ ዲኑ ቢሮ ገባች፤ እኔ በሩ ላይ ቀረሁ። ዲኑ ከጠያቂዎቹ አንዱ ነበር፤ የእትዬ የትምህርት ቤት ጓደኛ፣ ክፋት የሌለው ሰው።

«መልሷስ አንደኛ ነበር» አላት። «ግን አፈጣጠጧን ብታዪ! እኔኮ አባቷ እሆናለሁ። ነገ በሽተኛው ላይ እንዲህ ብታፈጥስ? ደግሞ አንቺ አልነበርሽም እንዴ፣ የዳር አገር ልጆች ጨዋ ናቸው የምትዪን?»

እትዬ ለመጀመሪያ ጊዜ እጇን አላነሳችም።

«እኔ ነኝ ያስተማርኳት» አለች ብቻ።

«አበላሸሻታ!» አለ፤ ሳቅ ብሎ። «አሁንማ ምን ላድርግልሽ? አልፏል።»

ልጅቷ ደረጃው ሥር ቆማ ነበር። እትዬ ሁሉንም ነገረቻት። ልጅቷ እስከ መጨረሻው ሰማቻትና አንገቷን ደፋች።

«ደህና ነኝ፣ ዶክተር» አለች፣ መሬቱን እያየች።

«አይደለሽም» አለች እትዬ፤ እጇን ለቀም አድርጋ ያዘቻት። «ደህና አይደለሽም።» እዚያው ደረጃው ሥር፣ ሰው ሁሉ እያለፈ፣ እንደተያያዙ ቆሙ።

ልጅቷ አሁን ለአባቷ ድንጋይ ታቀብላለች። ያቺ ነጥብ ዘንድሮም አለች። ባለፈው ሳምንት አንድ ተፈታኝ እትዬ ቤት መጥቶ ሶፋው ላይ ከተጎለትኩት ከእኔ ፊት ቆመ፤ ግራ ገብቶታል።

«ዶክተር፣ የት የት ልይ?» አላት።

እትዬ መስኮቱን ከፍታ፣ መልሳ ዘጋችው።

«እኔ እንጃ፣ ልጄ» አለችው።