አንድ ጫማ በየዳሩ

ዛሬ ጠዋት ከተማችንን ለሁለት በሚከፍለው ደረቅ ወንዝ፣ በደቻቱ ድልድይ ሳልፍ ጎርፍ ያረጠበው አሸዋ ሸተተኝ። ወደ ታች ሳይ አንዲት የልጅ ጫማ ብቻዋን ተጋድማለች።

የራሴ ጫማ ትዝ አለኝ። በደርግ ጊዜ ነው፤ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አባቴ ከደጋ የመጣ የባቡር ሠራተኛ፣ እናቴ ሶማሌ። ከትምህርት ቤት በተሰጠኝ ፎርም ላይ «ብሔረሰብ» የሚለው ቦታ ቸገረኝና ከወንዙ ማዶ ቀፊራ ገበያ ቅመም ወደሚሸጠው የእናቴ ወንድም ሮጥኩ። በሶማልኛ «አብቲ» እለዋለሁ፤ እሱም መልሶ «አብቲ» ይለኛል፤ ወጉ እንዲያ ነው።

ፎርሙን አየና ከሙን እያበጠረ፣ «አብቲ፣ ከደቻቱ አሸዋ ሥር ከጂን እናትና ከሰው አባት የተወለዱ ይኖራሉ» አለኝ። «ቶሎ አይቆጡም። ለቅሶም ሠርግም በሁለቱም ዳር ይደርሳሉ። ለዚህ ነው አንዱን ጫማ እዚህ፣ አንዱን እዚያ ማዶ የሚያኖሩት።»

«ጎርፍ ሲመጣስ?»

ገበያተኛ መጣበትና ከሙን ሊመዝን ዞረ።

በማግስቱ አንዱን ኮንጎ ጫማዬን በቤታችን በኩል፣ ሌላውን ተሻግሬ በሱቁ በኩል አሸዋው ላይ አኖርኩ። ከተማው ጠራራ ፀሐይ ነው፤ ደንገጎ ተራራ ላይ ግን ዘንቦ ኖሮ ጎርፉ ዓይኔ እያየ ደረሰ።

በባዶ እግሬ ሱቁ ስገባ አጎቴ አልሳቀም።

«ከየትኛው ዳር ወሰደብሽ?»

«ከሁለቱም።»

የራሱን ሰፊ ሸበጥ አውልቆ አጠለቀልኝ። «ወላሂ፣ አንቺማ የነሱ ነሽ።»

ፎርሙን ባዶውን መለስኩ። አስተማሪዋ ሳትጠይቀኝ ሞላችው፤ ምን ብላ እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ዛሬ ድልድዩ ላይ ቆምኩና የዚያችን የልጅ ጫማ ሌላዋን በማዶው ዳር ፈለግኳት።