የቁረይሹ ጥፍሮች

ዘቢድ ገበያ ላይ ዳቦ ሻጯ ለማታውቀው ሽማግሌ ትኩስ ዳቦ በነጻ ስትሰጠው ጸሐፊው ዑበይድ አየ። ሽማግሌው ማመስገን ሲገባው እጁን እንድትስመው ዘረጋላት።

«ከነቢዩ ጎሳ፣ ከቁረይሽ ነኝ፤ ሳሚው፣ ልጄ።»

«ይልቅ ሳይቀዘቅዝ ብላ፣ አባባ!» ብላ ሳቀችበት።

የነቢዩ ዘሮች የሚጠመጥሙት ዓይነት አረንጓዴ ጥምጣሙ አዲስ ነው። ጥፍሮቹ ግን ዕድሜውን ሙሉ ጨርቅ ቀለም ሲነክር የኖረ ሰው ጥፍሮች ናቸው፤ እስከ ሥራቸው ሰማያዊ። ዑበይድ የቆዳ ፋቂ ልጅ ነው፤ ስለ አባቱም አላህን ሳያመሰግን አይውልም። ሰውየውን ከልቡ ናቀው።

ሽማግሌው መጥቶ የዘር ሐረጉን ጥቅልል ዘረጋለት። ከራሱ ስም ቀጥሎ የአባቱ ቦታ ባዶ ነው።

«ወንዱ ልጄ ከነቢዩ ዘር የሆነ የሸሪፍ ልጅ ሊያገባ ነው፤ አባቷ ነገ ያነበዋል።»

«አባትህን ማን ልበለው?»

«የፈለግኸውን ክቡር ስም ጻፍልኝ፣ ወንድሜ። የነካሪውን ብቻ እንዳትጽፍብኝ።»