የሙያ ስም የተጻፈባቸው በሮች

ጆሃንስበርግ ውስጥ ከምኖርበት ሰፈር ከሮዘተንቪል ሁለት ታክሲ ይዤ አንድ የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ሥራ የጀመርኩ ዕለት፣ የተንከባካቢዎች አለቃ ሲስተር ኖምሳ መጀመሪያ ያስተማረችኝ ገላ ማጠብ አልነበረም። «በሩ ላይ ያለውን ስም ሳታነቢ አታንኳኪ» አለችኝ። ትምህርት ቤት የገባሁት ትልቅ ሆኜ ስለሆነ ማንበብ እስከ ዛሬ አይሰለቸኝም። አብዛኞቹ ነዋሪዎች የጀርመን ዘር ናቸው። ስሞቹን በቃሌ ያዝኩ።

ወረርሽኙ ሲመጣ በሽታ ይዘን እንዳንመላለስ ተብሎ እዚያው ማደር ጀመርን። ክፍሌን የምጋራው ከአገሬ ልጅ ከአስቴር ጋር ነበር። ወንድሟ አይቮሪ ፓርክ የሚባል ሰፈር ሱቅ አለው። ሊያገባኝ ተስማምተን፣ ለአጎቴ ሽማግሌ የሚልክበት ቀን ተቆርጦ ነበር። እኔና አስቴር ከአንድ ሳህን ነበር የምንበላው።

ሚስስ ቶፕፈር ጡረታ የወጡ አስተማሪ ነበሩ። አንድ ጠዋት እኔ ጀርባቸውን ሳጥብ፣ አስቴር አንሶላ ስትቀይር፣ በሮቹ ላይ ስላሉት ስሞች ጠየቅኋቸው።

«ቬበር ሸማኔ ነው። ሽሚት ቀጥቃጭ። ገርበር ቆዳ ፋቂ። ድሮ ሰው በሙያው ይጠራ ነበር፤ ኋላ ለልጅ ልጁ ስም ሆኖ ቀረ።»

«የእርስዎስ?»

«ሸክላ ሠሪ። እኔ እንኳ ማሰሮ መስበር ነው የማውቀው» ብለው ሳቁ።

እኛ አገር እነዚህ ስድብ ናቸው። ባለሙያውን ቡዳ ይሉታል፤ አብረውት አይበሉም፣ አይጋቡትም። እሳቸው ግን በናስ አስቀርጸው በር ላይ ለጥፈውታል። ደስታዬ አፌን ቀደመው።

«የእኔም እናት ሸክላ ሠሪ ናት» አልኩ።

አስቴር አንሶላውን እንደያዘች ቆመች። «አንቺ ደግሞ ቀልድ ታውቂያለሽ!»

«ቀልድ አይደለም።»

ምሳ ላይ ሳህኔ ለብቻው ቀረበልኝ።

«ምነው?» አልኳት።

«ኮቪድ ነው እኮ፣ እህቴ። ተራራቁ ተብሏል።»

ይህን ብላ ሄደችና ከልብስ አጣቢዋ ጋር ከአንድ ሳህን በላች።

በሳምንቱ ወንድሟ ደወለ። «ሽማግሌው በሽታው እስኪያልፍ ይቆይ» አለኝ፣ ድምፁን አለስልሶ። እሺ አልኩት።

ሚስስ ቶፕፈርን በሽታው ወሰዳቸው። አስከሬናቸውን ማጠብ ተከልክሎ ስለነበር በላስቲክ ተጠቅልለው ሲወጡ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ አየሁ። ስማቸውን ከበሩ የነቀልኩት እኔ ነኝ።

ኋላ ጭምብሉ ወለቀ፣ ሰርግ መደገስም እንደገና ተጀመረ። ሽማግሌ ግን አልመጣም። ወንድሟ አገር ቤት ሄዶ አገባ። አስቴር የሰርጉን ፎቶ አሳየችኝ፤ ስልኩን ግን አላስያዘችኝም።

እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። የአያቴን አባት ስም የሚያውቅ የለም፤ ሸክላውን ግን ሁሉም ያውቃል።

አሁን አዲስ ገቢዎችን የማሠለጥነው እኔ ነኝ። የውሃውን ሙቀት በክርናችሁ ለኩ እላቸዋለሁ። አዛውንቶቹን በስማቸው ጥሩ፤ ትርጉሙንም ጠይቋቸው፣ ደስ ይላቸዋል። የአገራችሁ ሰው ባለበት ግን የእናታችሁን ሙያ አትናገሩ።