የአርብ እህቴ ቃላት

የሻይ ቅጠሉ ሽታ እስካሁን አልለቀቀውም። ከካርቱም ይዘነው የወጣነውን ሻንጣ ትናንት ሳራግፍ፣ ከትምህርት ቤት ወረቀቶቼ መሀል መዳፍ የሚያህል የሻይ ካርቶን ቁራጭ ወደቀ። አንሥቼ አሸተትኩት። በአንድ በኩል በሰማያዊ እስክሪብቶ ሁለት የአማርኛ ቃል ተጽፎበታል። ጀርባው ባዶ ነበር። ባዶ የቀረውም በኔ ነው፤ እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ።

ያኔ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። የምንኖረው ካርቱም፣ ካላክላ ሰፈር ነው፤ አባቴ ሱዳናዊ፣ እናቴ ኢትዮጵያዊት። እናቴ ከግቢያችን አንዷን ክፍል ለአራት ሴቶች አከራይታ ነበር። አራቱም ሰው ቤት ተቀጥረው እዚያው የሚያድሩ ስለሆኑ ክፍሏን የሚፈልጓት በዕረፍት ቀናቸው፣ አርብ አርብ ብቻ ነው። ሳምንቱን ተቆልፋ ትሰነብትና አርብ ጠዋት የቆርቆሮው በር ሲንቋቋ ግቢው በአማርኛ ይሞላል። ከአራቱ አንዷን «የአርብ እህቴ» እላት ነበር። ካፉሪ ሰፈር ተቀጥራ ከምትሠራበት ቪላ ሦስት ሃፍላ ቀያይራ ነው የምትመጣው፤ ሃፍላ የምንለው የከተማውን አውቶቡስ ነው። እጇ በረኪና በረኪና ይሸታል። «አንቺን የምታክል አገር ቤት አለችኝ» ብላኝ ነበር አንድ ቀን። ከዚያ በኋላ ስለ ልጇ ብዙም አላወራችም፤ ፀጉሬን ግን ሁልጊዜ የምትሠራኝ እሷ ነበረች።

አንድ አርብ ከወትሮው ቀድማ መጣች። ከቪላው ፊት ለፊት የፈረንጅ ቤተሰብ ገብቷል፤ ትንሽ ሴት ልጃቸውን የምትይዝላቸው ሰው ይፈልጋሉ። በር ላይ ጠብቃ እናትየዋን ጠየቀቻት። ፈረንጇ በስብርባሪ አረብኛ «ልጄን በእንግሊዝኛ የምታዋራልኝ ነው የምፈልገው፤ ከሁለት ወር በኋላ ነይና እንነጋገር» አለቻት። የአርብ እህቴ እንግሊዝኛ ደግሞ ያኔ «ጉድ» እና «ኖ ጉድ» ብቻ ነው። ምግቡም «ጉድ»፣ ሕፃኑም «ጉድ»፣ የታመመውም የተሰበረውም «ኖ ጉድ»። «ከዚያ ቪላ ካልወጣሁ ጉልበቴን ለማዳሟ ወለል ትቼ ነው አገሬ የምገባው» አለችኝ። ስቃ ነበር ያለችው፤ ስትቀመጥ ግን ጉልበቷን ይዛ ነው።

እኔ በእንግሊዝኛ ስለምማር ቃል አይቸግረኝም። የሚቸግረኝ አማርኛ ነበር። የኔ አማርኛ ከ«ነይ፣ ብዪ፣ ተኚ» አያልፍም፤ ከሷም ጋር የምንግባባው በአረብኛ ነበር፤ ዘመድ ከጎንደር ሲደውል «ደህና ነኝ» ብዬ ስልኩን ለእናቴ እወረውርላታለሁ። እናቴ በዚህ ታፍር ነበር። የአርብ እህቴ ታዲያ ውል አመጣች፦ «አንድ ስትሰጪኝ አንድ እሰጥሻለሁ።» የሻይ ካርቶን በመቀስ እየቆራረጠች በአንድ በኩል እኔ የሰጠኋትን እንግሊዝኛ በራሷ ፊደል ትጽፋለች፤ የፈረንጁን ፊደል አታውቅማ። በሌላው በኩል ለኔ የሚሆነውን አማርኛ ትጽፋለች።

ደንቤ አንድ ነበር፤ ተራ ቃል ክልክል ነው። «በጣም ደከመኝ» የለም፣ «ኤግዞስትድ» ነው የሚባለው አልኳት። «እኔም ጋ በጣም ደከመኝ የለም፣ ዛልኩ ነው የሚባለው» ብላ መለሰችልኝ። «ዲላይትድ» ስሰጣት «ፈነደቅሁ»ን ሰጠችኝ። «ፍሪዚንግ» ስላት ግን ሁለታችንም ሳቅን፤ ውጪ ግድግዳው ሲነካ ያቃጥል ነበር። አጸፋው «ቆፈን» ነው አለች፣ ማስረዳቱ ግን አቃታት። ካላክላ የተወለደ ልጅ ስለ ቆፈን ምን ያውቃል? በመጨረሻ እጄን ይዛ በረዶ ያለበት ባልዲ ውስጥ ነከረችው፤ ጣቶቼ አልታጠፍ እስኪሉ አልለቀቀችኝም። «ይኸው፣ የኛ አገር ጠዋት እንዲህ ነው» አለች። እንዲህ ተምሬው እንዴት ልርሳው?

የምታጠናው እንደ ቄስ ተማሪ ነው። ማንበብ የለመደችው ወንድሟ የኔታ ዘንድ ፊደል ሲቆጥር እየሰማች ስለነበር ሌላ የትምህርት መንገድ አታውቅም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ወዲያና ወዲህ እየተወዛወዘች «ኤግዞስትድ፣ ዲላይትድ» በዜማ ትላለች። እኔንም የኔታ አደረገችኝ። «የኔታ፣ ዛሬስ ምን ይዘውልኝ መጡ?» ትለኛለች አንገቷን ሰበር አድርጋ። ሦስቱ ጓደኞቿ ትራስ ጆሯቸው ላይ ይጭናሉ። እናቴ ከጓሮ ሆና «ኸላስ፣ በቃ እንግዲህ፤ ቤቱን ቅኔ ማኅሌት አደረጋችሁት» ትላለች።

«ስታርቪንግ» ላይ ግን ተጣላን። አርብ ጾም ነው፤ «በጾም ቀን ራበኝ ብዬ ዋጋዬን ልጣ?» አለች። የምንገናኘው ደግሞ በአርብ ብቻ ነው። ስንከራከር ውለን፣ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ፉሏን በሰሊጥ ዘይት እስክትጠግብ በላችና እጇን ታጥባ ተቀመጠች። «በሉ የኔታ፣ አሁን ይምጣ» አለች። ሆዷን እያሻሸች በዚያ በጠገበ ድምፅ «ስታርቪንግ» እያለች ስትወዛወዝ እኔንም እናቴንም ሳቅ ገደለን። «ሞረሞረኝ» የሚለውን የሰጠችኝ ያን ዕለት ነው።

ሁለት ወሩ ሊሞላ አንድ አርብ ሲቀረው፣ ሐሙስ ከትምህርት ቤት ስመለስ እናቴ ልብስ እያሰጣች «ኢንሻአላህ ሥራውን ካገኘች ተገላገለች» አለችኝ። «እዚያ ቤት ዕረፍቱ እሑድ ነው፤ ከዓመት በኋላ አገር ሲቀይሩም ይዘዋት ይሄዳሉ አሉ። የሷን አልጋ ለሌላ መስጠቴ ነው።» ካርቱም ደግሞ እሑድ የትምህርት ቀን ነው፤ እኔ ትምህርት ቤት ነኝ። እጄ ላይ የነበረው ደብተር ከበደኝ። በየአርቡ በገዛ አፌ ስሸኛት እንደነበር የገባኝ ያኔ ነው።

ቃል ካልሰጠኋት አትሄድም ብዬ አሰብኩ። በማግስቱ የአርብ እህቴ ሳትደርስ «አክስቴ ጋ ልሂድ» ብዬ የሶባን ሃፍላ ተሳፈርኩ። አክስቴ የሰጠችኝን ምሳ ሳልነካ፣ የግቢው ጥላ ከግንቡ እስከ ደጁ ሲረዝም እያየሁ ዋልኩ። ቅዳሜ ስመለስ እናቴ አልተቆጣችኝም። «እስከ መጨረሻው ሃፍላ በር በሩን እያየች ጠበቀችሽ» ብቻ አለችኝ።

ሥራውን አገኘችው። ሻንጣዋን ልትወስድ የመጣችው ማክሰኞ ነው፤ እኔ ትምህርት ቤት ነበርኩ። ሁሉንም ለእናቴ ነግራት ሄደች። ፈረንጇ «እንዴት ነሽ?» ብትላት ጉድ አላለችም። ቪላው ውስጥ ስትወለውል ውላ ነው የሄደችውና «ኤግዞስትድ» ብላ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለች፤ ወዲያው ሕፃኗን አየችና «ዲላይትድ» ብላ ብድግ። ሕፃኗ ሳቀች፤ ድገሚልኝ አለቻት። የአርብ እህቴም ደገመችላት፣ በዜማ እየተወዛወዘች። ፈረንጇ ከዚያ ወዲያ ሌላ አልጠየቀቻትም።

ካርቶኖቹን በላስቲክ አሥራ «ለየኔታ ስጪልኝ፤ እኔ በቃሌ ይዣቸዋለሁ» ብላ ለእናቴ ሰጥታታለች። ከሁሉ በላይ የነበረው ይኸው ትናንት የወደቀው ነው። «ሆድ ባሰኝ» ይላል። እኔ ሶባ በተደበቅኩባት አርብ የኔን ድርሻ ጽፋ፣ ለሷ የሚሆነውን ከጀርባው እስክሰጣት ነበር ቁጭ ብላ የዋለችው። ቃሉን ስለማላውቀው እናቴን ጠየቅኋት። እጇን በቀሚሷ አደራርቃ ፊቴን አየችኝ። «እንዴት ልበልሽ፤ አሁን አንቺ የሆንሽውን ነው» አለች።

ከዚያ በኋላ አላየኋትም። ፈረንጆቹ አገር ቀየሩ፣ እሷም አብራ ሄደች፤ እኛም ዓመታት ቆይቶ ጦርነቱ ሲመጣ ካላክላን ጥለን ወጣን። ዛሬ እዚህ ጎንደር ሰዉ «ካርቱም አድገሽ አማርኛውን ከየት አመጣሽው?» ሲለኝ «ከተከራያችን» እላለሁ። ትስቃላችሁ፣ ግን ትናፍቀኛለች። ልጇን አግኝታት ይሆን ብዬም አስባለሁ።

ትናንት ካርቶኑን ገልብጬ እስክሪብቶ አነሣሁ። አሁን የማውቀው እንግሊዝኛ ያኔ ከማውቀው ብዙ እጥፍ ነው፤ አንድ በአንድ ሞከርኩት፣ ለዚያች አርብ የሚሆን አጣሁ። ደንቤን አፍርሼ ተራውን ቃል ጻፍኩት። «ሶሪ» ብዬ፣ እሷ እንድታነበው በኛው ፊደል።